እናንተ ስትተኙ ጉበታችሁ ይተኛል ወይ?

ከኦፕራሲዮን በፊት ከሰመመን ሰጪው ስለሚደበቁ ነገሮች

ጉበትን የምናውቀው የት ነው? አብዛኞቻችን ዱለት ላይ ነው! ከጨጓራው ጋር ተከትፎ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ ሲቀርብልን እንጂ በራሳችን ቀኝ ጎድን ሥር ሌት ተቀን የሚሠራ ጉበት እንዳለን ትዝ አይለንም። ልብ ሲሆን ሌላ ነው። ስለ ልብ ይዘፈናል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ልብ ይሰበራል… ለጉበት ግን ማን ዘፈነለት?

ወደ ኦፕራሲዮን ስንሄድም እንደዚያው ነን። ትርፍ አንጀት ይሁን የሐሞት ጠጠር፣ እንቅርት ይሁን ሌላ፣ አልጋ ይዞ ቀኑን የሚጠብቅ ሰው የሚጨነቀው "ልቤ ብትቆምስ? ሳልነቃ ብቀርስ?" እያለ ነው። "ጉበቴስ?" ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ነው። ሙሉ ሰመመን ሲሰጠንና ሌሎች መድኃኒቶችም ሲጨመሩበት ወደ ጉበታችን የሚሄደው ደም ምን ይሆናል? ይህስ እኛ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከምንናገረውና ከምንደብቀው ነገር ጋር ምን አገናኘው? በደንብ ይገናኛል! ተከተሉኝ።

ቧንቧና ሮቶ

የአዋቂ ሰው ጉበት ክብደቱ 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በየደቂቃው የሚያልፍበት ደም ደግሞ 1.5 ሊትር ገደማ ይሆናል። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውኃ አንድ ተኩል ማለት ነው፣ በየደቂቃው! ልባችን ከሚረጨው ደም ወደ ሩብ የሚጠጋው በጉበት በኩል ያልፋል ማለት ነው።

ደሙ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ ተሰብስቦ የሚመጣው ትልቁ የደም ሥር ነው፤ ሐኪሞች ፖርታል ቬይን ይሉታል። ከአራቱ እጅ ሦስቱን የሚያመጣው እሱ ነው። ነገር ግን አንጀት አስቀድሞ ስለተጠቀመበት ኦክስጅኑ ቀንሷል። ሁለተኛው በቀጥታ ከልብ በኩል የሚመጣው የጉበት አርተሪ ነው። የሚያመጣው ሩቡን ብቻ ቢሆንም ኦክስጅን የሞላው ትኩስ ደም ስለሆነ ጉበት ከሚያስፈልገው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉን ያቀርባል።

ውኃ የሚጠፋበት ሰፈር ያደገ ሁሉ ይህን በቀላሉ ይገባዋል። ቧንቧው ሲዳከም ምን እናደርጋለን? ሮቶውን እንከፍታለን! ጉበትም እንደዚያ ነው። ከአንጀት የሚመጣው ደም ሲቀንስበት አርተሪው በራሱ ጊዜ ሰፋ ብሎ ይደግፈዋል። ሰው ሳይነግረው፣ ቁልፍ ሳይነካ። ድንቅ አሠራር ነው። ጣጣው የሚመጣው ቧንቧውም ሮቶውም አንድ ላይ ሲደክሙ ነው።

ሰመመኑ ሲገባ

ሙሉ ሰመመን ማለት እንቅልፍ ማለት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የሰመመን መድኃኒቶች የልብን ግፊት ያለዝባሉ፣ የደም ሥሮችን ያላላሉ፣ የደም ግፊትን ያወርዳሉ። ግፊት ሲወርድ ወደ ጉበት የሚሄደው ደምም ይቀንሳል። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌም ቢሆን ግፊት ካወረደ ነገሩ ያው ነው፤ ጉበትም የድርሻውን ያጣል።

ሳንባ ውስጥ አየር የሚነፋው መሣሪያም አለበት። አየሩ በኃይል ሲገባ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ ልብ የሚረጨውም አብሮ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ነው። የላይኛው ሆድ ተከፍቶ አንጀትና ጨጓራ ወዲያ ወዲህ ሲደረጉ፣ አንዳንዴ ከመድኃኒቱ ይበልጥ የጉበትን ደም የሚቀንሰው ይኸው መነካካት ነው።

እንዴ! ታዲያ ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት መስጠት አይቻልም ወይ? ትሉ ይሆናል። ይቻላል፣ ይሰጣልም። ግን እዚያም ላይ ብልሃት አለው። እንደ አድሬናሊንና ቫሶፕሬሲን ያሉት መድኃኒቶች መጠናቸው ሲበዛ ግፊቱን ከፍ የሚያደርጉት የደም ሥሮችን በማጥበብ ነው። ከሚጠቡት ውስጥ ደግሞ የአንጀት ደም ሥሮች ይገኙበታል። መሣሪያው ላይ ያለው ቁጥር ያምራል፣ ጉበት ግን ቤቱ ውስጥ ውኃ ጠፍቶበታል። ለዚህ ነው ጎበዝ ሰመመን ሰጪ የጎደለውን ፈሳሽና ደም ሳይተካ ቁጥር ለማሳመር ብቻ መድኃኒት የማይደራርበው።

ኬታሚን የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ብዙውን ጊዜ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም። ብዙ መሣሪያም አይፈልግም። በየወረዳው ባሉ ሆስፒታሎች ዘንድ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልበጡት። መድኃኒቱ በጉበት ላይ ይሠራል፤ ጉበትም በመድኃኒቱ ላይ ይሠራል! ሊዶካይን፣ ሞርፊን፣ ፈንታኒልና ፕሮፕራኖሎል የሚባሉት መድኃኒቶች ከሰውነት የሚጸዱት ደም ወደ ጉበት ባደረሳቸው መጠን ነው። ደሙ ከቀነሰ ጽዳቱም ይዘገያል። ለአንዱ ሰው ልክ የሆነው መጠን ለሌላው ይበዛበታል። እንቅልፉ ይረዝማል፣ ትንፋሹ ይደክማል። ስለዚህ ለርዕሳችን መልሱ ይኸውላችሁ፦ እናንተ ስትተኙ ጉበት አይተኛም። የሚሰጣችሁን ሁሉ እያጣራ ይሠራል፣ ደም ከደረሰው!

ሃሎቴን የሚባለው ጋዝ

በዚህ ጉዳይ ስሙ የሚነሳው ሃሎቴን ነው። በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ በ1956 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ ሕሙማንን ማስተኛት ጀመረ። እንደ ድሮው ኤተር በእሳት አይነሳም፣ ሽታው አይከብድም። ዓለምን ባንዴ ያዳረሰውም ለዚህ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎችም ለብዙ ዓመታት ዋነኛው ጋዝ እሱ ነበር።

ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ቧንቧውንም ሮቶውንም ያዳክማል። ከአንጀት የሚመጣውን ደም ይቀንሳል፣ አርተሪው ሰፋ ብሎ እንዳይደግፍም ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ከሚሳበው ጋዝ 20 በመቶ የሚሆነውን ጉበት ራሱ ይሰባብረዋል። አይሶፍሉሬን በሚባለው ጋዝ ግን ይህ 0.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ወደ ጉበት የሚሄደውንም ደም ከሃሎቴን ይልቅ በደንብ ይጠብቃል። ሴቮፍሉሬን የሚባለውም በደም ፍሰት በኩል እንደዚሁ የተሻለ ነው።

ከሃሎቴን ስብርባሪ የተነሳ አልፎ አልፎ የሰውነት መከላከያ በገዛ ጉበቱ ላይ የሚነሳበት ሰው አለ። ይህ የሚብሰው ደግሞ ጋዙን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ፣ በተለይም በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ በወሰደ ሰው ላይ ነው።

አትደንግጡ! ነገሩ በጣም ጥቂት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ወደ 850 ሺህ የሚጠጉ የሰመመን መዝገቦችን መርምረው ነበር። ከኦፕራሲዮን በኋላ ጉበታቸው ክፉኛ ተጎድቶ የሞቱት 82 ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ሌላ ምክንያት ያልተገኘላቸው 9 ብቻ ሲሆኑ 7ቱ ሃሎቴን የወሰዱ ነበሩ። የቀሩትስ? አብዛኞቹ ግፊታቸው ወርዶ የቆየ፣ ኢንፌክሽን የበረታባቸው ወይም አስቀድሞ ጉበታቸው የታመመ ነበሩ። ልብ በሉ! ጉበትን የሚጎዳው ከጋዙ ስም ይልቅ የደም ማጣትና የተደበቀ በሽታ ነበር።

ሙሽራዋ የደበቀችው ኪኒን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ስሟ እንዳይገለጽ የጠየቀችኝ የ24 ዓመት የጎንደር ልጅ ናት። ሠርጓ ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው የሐሞት ጠጠር ተገኘባትና ለኦፕራሲዮን ተቀጠረች። ዋዜማው ላይ ሰመመን ሰጪው አልጋዋ ድረስ መጣ። "የኔ እህት፣ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" አላት። አልጋው አጠገብ እናቷና የእጮኛዋ አክስት ተቀምጠዋል።

"ምንም የለም" አለች።

የለም? ነበር እንጂ! ከእንቅርቷ የተነሳ ልቧ እየመታ ስላስቸገራት ፕሮፕራኖሎል ከጀመረች ስድስት ወር አልፏታል። ግን ያንን በአክስትየው ፊት እንዴት ትናገር? "ልጅቷ ልቧን ታማሚ ናት አሉ" የሚል ወሬ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?

አሁን ይህችን ኪኒን እንያት። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ያዘገያል፣ የአንጀት ደም ሥሮችንም ያጠባል። በዚህ የተነሳ ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ጉበታቸው ጠባሳ ይዞ የደም ግፊት በፖርታል ቬይን ውስጥ ለጨመረባቸው ሰዎች ይኸው ጠባዩ መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል፣ የጉሮሮ ሥር ፈንድቶ ደም እንዳያስተፋቸው ይሰጣቸዋል። ሰመመን ሰጪው ካላወቀ ግን የሰመመኑ ጫና በኪኒኑ ጫና ላይ ይደረባል፤ ምቱ ለምን እንደዘገየ፣ ግፊቱ ለምን እንደማይነሳ ግራ ይገባዋል። ሊዶካይን ቢሰጥም ቶሎ አይጸዳም። "እንዳይታወቅ ልተወው" ብላ ኪኒኑን በድንገት ብታቆመው ደግሞ ልቧ ይባስ ተነስቶ ሊጋልብ ይችላል፤ ያልተስተካከለ እንቅርት ላለባት ሰው ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ደግነቱ ልጅቷ ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አላት። ነርሷ ሙቀት ልትለካ ስትመጣ "እህቴ፣ ለብቻሽ የምነግርሽ አለኝ" አለቻት። ነርሷም ሰመመን ሰጪውን ጠራችው። ስሙን፣ መጠኑን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስደው ጠየቃት። አልተቆጣትም። የእንቅርቷ ጉዳይ በደም ምርመራ እስኪረጋገጥ ቀጠሮው ተገፋ፣ ኪኒኑን ግን እንዳታቋርጥ ተነገራት። በኋላም በደህና ተሠርታ ወጣች። ለአክስትየው የተነገራቸው ቀጠሮው መገፋቱ ብቻ ነው።

የአበው ተረት አለ አይደል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ መድኃኒቱን የደበቀም በሽታ አያጣም!

የሌሎቹስ ምስጢር?

እሷ ብቻ አይደለችም። አንዱ የቲቢ መድኃኒቱን "ሰው ይሸሸኛል" ብሎ ይደብቃል። ሌላዋ የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን፣ ሌላዋ የእርግዝና መከላከያዋን ከእናቷ ፊት አታነሳም። ጎረምሳው ደግሞ አባቱ አጠገቡ ቆመው "ትጠጣለህ?" ሲባል "ኧረ በስማም!" ይላል፣ ትናንት ማታ አረቄ ቤት አምሽቶ።

ሁሉም ከጉበት ጋር ይገናኛሉ። የቲቢ መድኃኒቶች ጉበትን ሊያስቆጡ ይችላሉ፤ ከእነሱ አንዱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ለጨጓራ የሚወሰደው ሲሜቲዲን በተቃራኒው የጉበትን ሥራ ያዘገያል። አረቄ ለዓመታት ሲጠጣ ጉበቱን ጠባሳ ያደርገዋል፣ ደም እንደልብ አያልፍበትም። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይንጣል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ በሐረር ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናትም ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።

ኮሶስ? ጥሬ ሥጋ ወዳዶች ነንና ኮሶ የሚጠጣ አሁንም አይጠፋም። ኮሶ ሲያስቀምጥና ሲያስመልስ ሰውነት ውኃ ያጣል። ውኃ ያጣ ሰው ደሙ ያንሳል። ደሙ ያነሰ ሰው ሰመመን ሲወስድ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፣ ጉበትም ይጠማል። "ኮሶማ ምን መድኃኒት ነው፣ ያገር ነገር አይደል እንዴ!" እንዳትሉ።

የሜዳውና የደጋው ነገር

የኛ አካባቢ የራሱ ጣጣም ጸጋም አለው። ጣጣው ቢልሃርዚያ ነው። በጣና ዳር በደምቢያና በጎርጎራ፣ በሳንጃም በኩል ወንዝና ሐይቅ ውስጥ እየዋኘ ያደገ ልጅ ትሉን ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። የትሉ እንቁላል ከአንጀት በመጣው ደም ተጉዞ ጉበት ውስጥ ባሉት የፖርታል ቬይን ቅርንጫፎች ላይ ይሰካል፣ ጠባሳም ይሠራል። ቧንቧው ተደፈነ ማለት ነው! ጉበቱ በሮቶው፣ በአርተሪው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ኦፕራሲዮን ላይ ግፊቱ ቢወርድ የሚደርስበት ከሌላው ይከፋል። "ልጅ ሆኜ ወንዝ ውስጥ እዋኝ ነበር፣ ሆዴም ይነፋል" ማለት ተራ ወሬ አይደለም፣ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ቢልሃርዚያ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት ፕራዚኳንቴል በሚባል ኪኒን ይድናል።

ጸጋው ደግሞ ከወደ ስሜን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የስሜን ተራራ ሰዎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የደማቸው ኦክስጅን በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያ ከፍታ ይህ ያልተጠበቀ ነገር ነበር። ይህ ግን በጤናና በነቃ ሰው ነው። ደም የፈሰሰው፣ ግፊቱ የወረደና የተኛ ሰው የጃናሞራ ልጅም ቢሆን ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ሌላው ጣጣ መንገዱ ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም አልፎ ከገጠር የሚመጣ ሕመምተኛ እንዳይበላ ተብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ አንዳንዱም ጾም ጨምሮበት፣ ደርቆ ይደርሳል። በተለመደው አሠራር ጤነኛ አዋቂ ከሰመመን በፊት ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ ግን 2 ሰዓት ብቻ ነው የሚታቀበው። ቅባት የበዛበት ምግብ ከሆነ ይረዝማል። ስለዚህ "ውኃ እስከ ስንት ሰዓት ልጠጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ለጉበት ቀላል ነገር አይደለም።

እና ምን እንናገር?

ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው በ1947 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ዩኒቨርሲቲዋ ሰመመን ሰጪዎችን ያሠለጥናል። ባለሙያው አለ። የጎደለው የኛ አንደበት ነው። እነዚህን ተናገሩ፦

1. የምትውጡትን ኪኒን ሁሉ። ስሙን ካላወቃችሁት ካርቶኑን ወይም ቅጠሉን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

2. በመርፌ የምትወስዱትን፣ የእርግዝና መከላከያን ጨምሮ።

3. ኮሶ፣ እንቆቆ፣ ከባህል ሐኪም የተሰጣችሁን ሁሉ።

4. አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ ጫት። ምን ያህልና መጨረሻ መቼ እንደሆነ።

5. ከዚህ በፊት ሰመመን ወስዳችሁ እንደሆነ፣ መቼ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ትኩሳት ወይም የወፍ በሽታ ይዟችሁ እንደሆነ።

6. ዓይናችሁ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንታችሁ ጠቁሮ የሚያውቅ ከሆነ። ጉበት በተቆጣበት ሰዓት ጊዜ የሚሰጥ ኦፕራሲዮን ይራዘማል።

መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም አትጀምሩ። የትኛው በጠዋቱ እንደሚዋጥ፣ የትኛው እንደሚቀር ሰመመን ሰጪው ይነግራችኋል።

ቤተሰብ ፊት መናገር ካቃታችሁስ? "ዶክተር፣ ለብቻዬ የማማክርዎት ነገር አለ" በሉ። አፍ ከከበዳችሁ በወረቀት ጻፉና ስጡ። እናንተ አስታማሚዎች ደግሞ ጥያቄው ሲጀመር ውኃ ልታመጡ ውጡ! እናት ብትሆኑም፣ አማት ልትሆኑ ቢሆንም። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከነቃችሁ በኋላ

ስትነቁ የትኛው ጋዝ እንደተሰጣችሁ ጠይቁና በካርዳችሁ ላይ ይጻፍላችሁ። ነገ ሌላ ኦፕራሲዮን ቢመጣ ያ አንድ ቃል ትልቅ ነገር ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ማሳከክ፣ የሽንት መጥቆር ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካያችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ተመለሱ። "የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠል ያውቃሉ" ወደሚባሉት ሰው ቤት አይደለም።

ሰመመን ሰጪው ሽማግሌ ተቀምጦ የሚፈርድባችሁ ዳኛ አይደለም። ጠጣችሁ ብሎ አይፈርድም፣ ዋጣችሁ ብሎ ለአክስት አይናገርም። እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ትንፋሻችሁን፣ ምታችሁንና ግፊታችሁን በእጁ ይዞ የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው። ጉበታችሁን እንዲጠብቅላችሁ ከፈለጋችሁ ግን ጉበታችሁ ምን እንደተሸከመ ንገሩት። ከሰው ሁሉ የሚደበቅ ምስጢር ይኖራል። ከእሱ ግን አይሆንም!